ልጄ ብቻዋን ማንበብ ጀመረች
ትምህርት ከተከፈተ ወዲህ በር ላይ ነጠላዬን ይዛ አልለቅም ትል የነበረችው የአንደኛ ክፍል ልጄ፣ ዛሬ ጠዋት ዞር ብላ እንኳ ሳታየኝ ወደ ክፍሏ ገባች። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ከፋኝ። መምህርቷ እንደነገሩኝ፣ ልጆቹ ጠዋት ጠዋት ከክፍሉ መደርደሪያ የወደዱትን መጽሐፍ አንሥተው፣ ማንም ሳያስነብባቸው፣ ከመረጡት ጓደኛ አጠገብ እንዲቀመጡ ተፈቅዶላቸዋል።

እኛ በልጅነታችን 33ቱን ፊደላት ከነሰባት ሰባት ቅርጻቸው በዜማ ጠርተን ስንጨርስ ማንበብ የቻልን ይመስለን ነበር። ይሁን እንጂ ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ፣ ልጅ ቃሉን አስተካክሎ የሚያነበው የዓረፍተ ነገሩን ሐሳብ መከተል ሲለምድ ነው፤ ይህን ደግሞ በየቃሉ የሚያርም አዋቂ አጠገቡ ቆሞ ሊለምደው ይከብደዋል።

ከሰዓት በኋላ በአዳማ ጎዳና በባጃጅ ስንመለስ የሱቆቹን ጽሑፍ በጣቷ እየተከተለች ታነብ ነበር። «ዋና መግቢያ» የሚለውን አላልታ፣ እንደ ውኃ ዋና አነበበችው፤ እኔ ዝም አልኩ፣ ባለባጃጁ ግን ሊያርማት አፉን ሲከፍት በዓይኔ ለመንኩት። ጥቂት አሰብ አደረገችና ራሷ አጥብቃ ደገመችው። በቁቤ የተጻፈውን ኦሮምኛ ግን «እሱን አንቺ አንብቢው» ብላ ለእኔ ተወችው። ቤት እንደደረስን መክሰሷን እንኳ ሳትቀምስ፣ ነገ አጠገቧ እንድትቀመጥ ልትጠይቃት ወደ ጎረቤታችን ልጅ ሮጠች።