የኤምኤስኤም ንዝረት በኮምፒውተር፦ ማባዣ ቁጥሩ የሰልፈሩን ስህተት አያርምም

ለመገጣጠሚያ ጤና ተብለው ከሚሸጡት ማሟያዎች መካከል ለንዝረት ስሌት መጀመሪያ የምመርጠው ኤምኤስኤምን፣ በኬሚስቶች አጠራር ዳይሜቲል ሰልፎንን ነው። ግሉኮሳሚን 25 አተሞችና 69 ንዝረቶች አሉት፤ የሃይድሮክሲል ቡድኖቹ በየአቅጣጫው ስለሚዞሩ ትክክለኛውን ቅርጽ መፈለጉ ብቻ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ኤምኤስኤም ግን 11 አተሞችና 27 ንዝረቶች ብቻ። የሚያስቸግረው ሰልፈሩ ነው።

ሞለኪውሉን ስትሠሩ ከእያንዳንዱ ሜቲል አንዱ ሃይድሮጅን በካርቦን-ሰልፈር-ካርቦን ጠለል ላይ፣ ከሌላው ካርቦን በተቃራኒ ይዋል። ቅርጹ የተስተካከለበትና ድግግሞሹ የተሰላበት ዘዴ አንድ ካልሆነ ውጤቱ ዋጋ የለውም። ስሌቱ ሲያልቅ መጀመሪያ የሚታየው በኔጌቲቭ ምልክት የታተመ ድግግሞሽ መኖር አለመኖሩ ነው። ካለ ብዙ ጊዜ የሜቲል መዞር ነው፦ ወይ ሜቲሉ በ60 ዲግሪ ዞሮ የኢነርጂ ኮረብታ ጫፍ ላይ ቆሟል፣ ወይ የኢንቴግሬሽን ግሪዱ (ፕሮግራሙ ስሌቱን የሚያካሂድባቸው ነጥቦች መረብ) ሳስቷል። ሜቲሉን አዙሩ፣ ግሪዱን አጥብቁ፣ እንደገና አስሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ብዙዎች በቢ3ኤልዋይፒ (የስሌት ዘዴ) እና በ6-31ጂ(ዲ) (ቤዚስ ሴት፣ ማለትም ኤሌክትሮኖቹ የሚገለጹባቸው የፈንክሽኖች ስብስብ) አስልተው፣ ስሌቱ ድግግሞሹን ከፍ አድርጎ ስለሚያወጣ ሁሉንም በ0.9614 ያባዛሉ። ለካርቦን-ሃይድሮጅን ይሠራል፤ 3050 ላይ የወጣው ወደ 2932 ይወርዳል (እዚህም ሆነ ከዚህ በታች የፒክና የድግግሞሽ ቁጥሮቹ በሴንቲሜትር የሞገድ ቁጥር ናቸው)። የሰልፈር-ኦክስጅን ንዝረት ግን ሳይባዛም ዝቅ ብሎ ነው የሚወጣው። ሰልፈሩ ኤሌክትሮኑን ለኦክስጅኖቹ ስለሚለቅ በዙሪያው የቀረው ወደ ውስጥ ይሰበሰባል፤ ይህን የሚይዝ ጠበቅ ያለ (ወደ አተሙ እምብርት የተጠጋ) የዲ ፈንክሽን በቤዚስ ሴቱ ውስጥ ከሌለ ቦንዱ ረዝሞ ይላላል። ርዝመቱ 1.44 አንግስትሮም ገደማ መሆን ሲገባው ከ1.46 ካለፈ ቤዚስ ሴቱ አንሷል ማለት ነው። በዚህ ላይ 0.9614 ሲጨመርበት 1140 አካባቢ ያለው ፒክ ሌላ 44 ይወርድና ከልኬቱ ጋር መገናኘቱ ይቀራል። መድኃኒቱ ሰፋ ያለ ቤዚስ ሴት፣ 6-311+ጂ(3ዲኤፍ,2ፒ) ወይም ለሰልፈር ተጨማሪ ዲ ያለው ሲሲ-ፒቪ(ቲ+ዲ)ዜድ ነው። ሞለኪውሉ ትንሽ ስለሆነ ተራ ላፕቶፕም ይችለዋል።

ከልኬት ጋር ስታነጻጽሩ የሰልፎን ቡድኑን ሁለት ጠንካራ የኢንፍራሬድ ፒኮች በ1300 እና በ1140 አካባቢ፣ የካርቦን-ሰልፈሩን ጠንካራ የራማን (በሌዘር ብርሃን መበተን የሚለካ) ፒክ በ700 አካባቢ ፈልጉ። ስሌቱ ለአንድ ብቸኛ ሞለኪውል፣ ልኬቱ ለክሪስታል ዱቄት ስለሆነ ጎረቤት ሞለኪውሎች የሰልፎኑን ፒኮች ወደ ታች ይስባሉ። ከ27ቱ ንዝረቶች 5ቱ በሲሜትሪ ምክንያት በኢንፍራሬድ አይታዩም፤ በስሌቱ ጥንካሬያቸው ዜሮ ቢሆን አትደንግጡ። ፕሮግራሙ የሚያትመው የራማን አክቲቪቲ ደግሞ ገና ኢንቴንሲቲ አይደለም፤ የሌዘሩን ሞገድና የሙቀት መጠኑን አስገብታችሁ ካልለወጣችሁት የ3000 አካባቢ ፒኮች ያለ አግባብ ይገዝፋሉ።

ናሙናው ከክኒን የተፈጨ ከሆነ 2850 እና 2917 አካባቢ የሚታዩት ፒኮች የማለስለሻው የማግኒዥየም ስቴሬት ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ ኤምኤስኤም ናቸው ብላችሁ ከስሌቱ ጋር አታጣምሯቸው።