«የሟቹ ስም ማን ይባላል?»

ዓምና ለፋሲካ ፍኖተ ሰላም ገብቼ ነበር። አጎቴ ጠላ እያስቀዱ፣ ለዓመታት ሆዳቸው ውስጥ የቆየውን ጥያቄ አወጡት። «ያኔ ወገብህን የታመምህ ጊዜ፣ ለኢንሹራንስ እከፍላለሁ ስትል አልነበር? ምነው ታዲያ እንዲያ ተቸገርህ?»

አጎቴ ለብዙ ዓመት የእድር ገንዘብ ያዥ የነበሩ ሰው ናቸው፤ ከፍሎ ያጣ ሰው ሲሰሙ አያስችላቸውም። ከሥሩ ጀምሬ ነገርኋቸው።

እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ ከተማ ቤት የገዛሁት በፈረንጆቹ 2007 ነው። ያዋዋለችኝ ሴትዮ ወረቀት እያገላበጠች «ይኼ ደግሞ ኢንሹራንሱ ነው» አለችኝ፤ ፈረምሁ። በወር 18 ፓውንድ። የመኪናው ኢንሹራንስ አንድ ነገር ሲደርስ ይከፍላል፤ ይኼም ያው መሰለኝ። በ2016 መጋዘን ውስጥ ሣጥን ሳነሳ ወገቤ ቀጭ አለና ተኛሁ። አሠሪዬ የሚሰጠኝ ሕጉ ያስቀመጠውን የሕመም ክፍያ ብቻ ነበር፤ በሳምንት 88 ፓውንድ ከ45 ፔንስ፣ ያውም ቢበዛ ለ28 ሳምንት። የቤቱ ዕዳ በወር ከ600 በላይ ነው። ደግነቱ ኢንሹራንስ አለኝ ብዬ እንደተጋደምሁ ደወልሁ። ያነሳችው ልጅ ድምፅዋ ለስለስ ያለ ነው። «በጣም አዝናለሁ» ብላ ጀመረች፤ «የሟቹ ስም ማን ይባላል?»

የራሴን ስም ልነግራት ምንም አልቀረኝም።

ለካ ዘጠኝ ዓመት የከፈልሁት የቤት ብድር የሕይወት ኢንሹራንስ ኖሯል። እኔ ስሞት የቀረውን ዕዳ ይዘጋል፣ ልጆቼ ከቤቱ አይወጡም። በቁሜ ታመምሁ፣ ሥራ አጣሁ ብል ግን አያገባውም። ለዚያ የሚሆነው ሐበሻውም ፈረንጁም ፒፒአይ የሚለው ነው፤ ስትታመም፣ ስትጎዳ ወይ ከሥራ ስትቀነስ የወሩን ክፍያ ይከፍልልሃል። እሱም አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወር ነው፣ ከዚያ ወዲያ እንደፍጥርጥርህ።

«ቆይ ቆይ» አሉ አጎቴ፣ ዋንጫቸውን አስቀምጠው። «አንተ የከፈልኸው እድር ነዋ! የፈለግኸው ደግሞ ደቦ። የታመመ ሰው ጤፍ የሚያጭድለት እድር ነው እንዴ? ደቦ ነው፣ እሱም አንድ ሰሞን።»

እኔ ስንት ወረቀት ያገላበጥሁበትን በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት።

ደቦውም ቢሆን ጉድ ነበረበት አልኋቸው። ታክሲ ለሚነዳ ጓደኛዬ ፒፒአይ ሸጠውለት ነበር፤ ውሉ ግን የራሱን ሥራ የሚሠራን ሰው «ከሥራ ተቀነስሁ» ቢል አይቀበልም። እንዲህ የማይረባቸው ውል የተሸጠላቸው ብዙ ነበሩ። ባንኮቹ በ2011 በፍርድ ቤት ተረቱና ከ38 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ መለሱ። የማመልከቻው ቀን ኦገስት 29፣ 2019 ሊዘጋ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ጓደኛዬም ደረሰ፤ ገንዘቡን አገኘ።

አጎቴ ቢሊዮኑ አልደነቃቸውም። ወደ እኔው እድር ተመለሱ።

«ዛሬ ብትሞት ስንት ይሰጣሉ?»

«ዕዳው የቀረውን ያህል። ዕዳው ሲቀንስ እሱም ይቀንሳል።»

«መዋጮውስ?»

«እሱ ያው 18 ነው።»

በጣታቸው ቆጠር ቆጠር አደረጉና፣ «እንግዲያ ቶሎ መሞት ነው የሚያዋጣህ» ሲሉ፣ ባለቤታቸው ማማሰያ እንደያዙ ከጓዳ ብቅ አሉ። «ኧረ በስመአብ! በፋሲካ ምድር ምን ይላል ይኼ ሰውዬ!»