መጀመሪያ ፕሪንተሩን ንገሩኝ

የታተመ ምስል ፖሊመር ክሌይ (ኦቨን ውስጥ ሲጋገር የሚጠነክር የጌጥ መሥሪያ) ላይ ለማሳለፍ ሞክሮ «ምስሉ አልያዘልኝም» ብሎ ለሚደውልልኝ ሰው ሁሉ መልሴ ጥያቄ ነው። በምን ፕሪንተር ነው ያተምከው? ጠያቂው ግራ ይጋባል። እሱ የጠበቀው ስለ ክሌዩ ዓይነት ወይም ስለ ኦቨኑ ሙቀት እንዳወራው ነው። እኔ ግን ፕሪንተሩን ሳላውቅ ወደ ሌላ ጉዳይ አልሄድም። ኢንክጄት ከሆነ በተለመደው መንገድ እስከ ነገ ቢያሹት ያ ምስል በደንብ አይሻገርም። ቢሻገርም ደብዝዞና ተዥጎርጉሮ ነው።

በፖሊመር ክሌይ ጉትቻና የአንገት ጌጥ መሥራት ከጀመርኩ ቆየሁ። ቀለም መቀላቀሉንም ቅርጽ ማውጣቱንም እወደዋለሁ። ልቤ ያለው ግን የታተመ ምስል ክሌይ ላይ ማሳለፉ ላይ ነው። ሥዕል የሚባል ነገር አልችልም። ድመት ስስል ሰዎች «ይቺ በግ ምን ሆና ነው?» ይሉኛል። ስለዚህ ሌላ ሰው የሳለውን፣ የተጻፈውን፣ የታተመውን ወስጄ ክሌይ ላይ አስቀምጣለሁ።

ኢንክጄት ፕሪንተር የሚረጨው ቀለም አብዛኛውን ጊዜ ውኃ አለው። ጠብታዎቹ ወረቀቱ ላይ ሲያርፉ ወደ ውስጥ ይሰርጋሉ። ሌዘር ፕሪንተርና ፎቶኮፒ እንዲህ አይሠሩም። እነሱ የሚጠቀሙት ቶነር የሚባል በጣም የደቀቀ ዱቄት ነው፤ ዱቄቱም በአብዛኛው ፕላስቲክ ነው። ማሽኑ በሙቀት አቅልጦ ወረቀቱ ላይ ይለጥፈዋል። ልብ በሉ፣ ይለጥፈዋል እንጂ አያሰርገውም። ከላይ ነው የተቀመጠው። የተለጠፈ ነገር ደግሞ መላ ከተገኘለት ይነሳል።

በእጃችሁ ያለው ኅትመት የትኛው እንደሆነ ካላወቃችሁ ጣታችሁን አርጥባችሁ ጠርዙን እሹት። ቀለሙ ከተዥጎረጎረ ኢንክጄት ነው። ውኃ የሚችል የኢንክጄት ቀለምም ስላለ፣ ወረቀቱን ወደ ብርሃን ዘንበል አድርጋችሁ ጥቁሩን ቦታ እዩት። ቶነር ትንሽ ያብለጨልጫል።

አሁን ክሌዩን እንየው። ክሌይ ይባል እንጂ አፈር የለበትም። ፒቪሲ ነው፣ ያው የውኃ ቧንቧ የሚሠራበት ፕላስቲክ። በማለስለሻ ፈሳሽ ተለውሶ ቀለም ተጨምሮበታል። ያ ማለስለሻ ክሌዩ እስኪጋገር ድረስ አርፎ አይቀመጥም። ጥሬ ክሌይ ተራ ወረቀት ላይ ያሳደረ ሰው ጠዋት የቅባት ምልክት ያገኛል፤ እሱ ነው። ይሄው ማለስለሻ ቶነሩን ሲያገኘው ያላላዋል፣ የላላውም ቶነር ክሌዩን ይይዛል። ሁለቱም የፕላስቲክ ወገን ስለሆኑ ይስማማሉ። እኛ የምንሠራው ሥራ ትንሽ ነው፤ ሁለቱን በደንብ አገናኝቶ ጊዜ መስጠት፣ ከዚያ ወረቀቱን ከመሃል ማስወጣት።

ስለ ቶነር ሳወራ አንድ የምወደው ታሪክ አለ። ቼስተር ካርልሰን የሚባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1938 ኒውዮርክ አስቶሪያ ውስጥ የመጀመሪያውን ደረቅ ኮፒ ሲሠራ ቶነር ገና አልነበረም። ድኝ የተቀባ የዚንክ ሳህን በጨርቅ አሽቶ ኤሌክትሪክ አስያዘው። ጽሑፍ ያለበት መስታወት ላዩ አድርጎ መብራት አበራበት። ከዚያ ደቃቅ ዱቄት ነሰነሰበትና ትርፉን እፍ አለው። ዱቄቱ ጽሑፉን ይዞ ቀረ። ቀጥሎ ያደረገውን ነው የምወደው። ሰም የተቀባ ወረቀት ዱቄቱ ላይ ተጭኖ አነሳው፣ ወረቀቱንም አሙቆ ዱቄቱ ሰሙ ላይ እንዲጣበቅ አደረገ። የተጻፈው ቀኑና የቦታው ስም ነበር፣ 10-22-38 አስቶሪያ። እንግዲህ የፎቶኮፒ ዘር ማንዘሩ ራሱ ምስልን ከአንድ ነገር ወደ ሌላ ማሳለፍ ነው። እኛ አንድ ደረጃ ብቻ ጨመርንበት።

ከዚያም በፊት የሸክላ ሰዎች ነበሩ። እንግሊዝ ሊቨርፑል ውስጥ ጆን ሳድለርና ጋይ ግሪን እ.ኤ.አ. በ1756 በ6 ሰዓት ውስጥ ከ1,200 በላይ የግድግዳ ሸክላ በኅትመት እንዳስጌጡ በመሐላ ቃል አስመዝግበዋል። እኔ በ6 ሰዓት ስንት ጉትቻ እንደምጨርስ ባልናገር ይሻላል።

ምስል መምረጥ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል። የሁሉም የመጀመሪያ ምኞት የሰው ፎቶ ነው። አክስቴም «ልጄ፣ የእኔን ፊት ጉትቻ ላይ አድርጊልኝ» ብላኝ ታውቃለች። እኔ ለጀማሪ ፎቶ አልመክርም። ፊት ላይ ያለው ሁሉ ግራጫ ነው፣ አንዱ ከሌላው ትንሽ ብቻ የሚለይ። ከዚያ ግራጫ ጥቂቱ ወረቀቱ ላይ ከቀረ ጉንጭ ላይ ቁስል የመሰለ ነገር ይወጣል። በመስመር የተሠራ ሥዕል፣ የእጅ ጽሑፍ፣ የቅጠል ንድፍ፣ አሮጌ ካርታ ግን ትንሽ ቢጎድልም ያምርበታል። ፎቶ የግድ ከሆነ ከማተማችሁ በፊት ጥቁርና ነጩን አራርቁት፤ ጥቁሩ ጠቆር፣ ነጩ ነጣ ይበል።

ነጭ ስል፣ ተራ ፕሪንተር ነጭ ቀለም የለውም። ምስሉ ላይ ነጭ የምታዩት ወረቀቱን ነው። ወረቀቱ ሲወገድ ነጩ የክሌዩ ቀለም ይሆናል። ቀይ ክሌይ ላይ ያሳለፋችሁት ሰው ጥርሱ ቀይ ነው። ስለዚህ ነጭ፣ ክሬም ወይም ብርሃን የሚያሳልፈው ክሌይ ነው የሚያዋጣው።

ጽሑፍ ከሆነ ደግሞ መገልበጥ አለ። ወረቀቱ በፊቱ ስለሚደፋ ግራው ቀኝ ይሆናል። ኮምፒውተር ላይ አስቀድማችሁ እንደ መስታወት ገልብጣችሁ አትሙት። በእኛ ፊደል ጉዳዩ ያሳስታል። «በ» እና «ሰ» ቢገለበጡም ያው ናቸው፤ ቸኩሎ ለሚያይ ሰው ትክክል ይመስላሉ። «ቡ» እና «ሲ» ናቸው የሚያጋልጡት፣ የጎን ጭረታቸው ወደ ግራ ዞሮ ይገኛል። ስለዚህ ስትፈትሹ በግዕዙ ፊደል አትታለሉ፣ ጭረት ያለውን ፈልጉ።

ወደ ሥራው እንግባ። ክሌዩን በደንብ አሽቼ አለሰልሰዋለሁ። ወደ 3 ሚሊሜትር ውፍረት ዳምጬ ልሙጥ የሴራሚክ ቁራጭ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ከዚያ በኋላ እስኪጋገር ድረስ ከሴራሚኩ አይነሳም። ጥሬ ክሌይ ሲያነሱት ይለጠጣል፣ ምስሉም አብሮት ይለጠጣል። ፊቱን በመዳመጫ አለሰልሳለሁ። የጣት አሻራ ወይም የአየር አረፋ ካለ ምስሉ እዚያ ቦታ ላይ ይበሳል።

ወረቀቱን ከምስሉ ጠርዝ ጠጋ አድርጌ ቆርጬ በፊቱ እደፋዋለሁ። ከመሃል ወደ ዳር በጣቴ፣ ቀጥሎ በማንኪያ ጀርባ አሻሻለሁ። ጠንከር ግን ቀስ። አንዴ ከነካ ወረቀቱን ማንሸራተት የለም፤ ከተንሸራተተ ጥላ ይሠራል። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ያህል እተወዋለሁ። በየመሃሉ መለስ እያልኩ ደግሜ አሻለሁ።

እዚህ ላይ እኔና ታናሽ ወንድሜ አንስማማም። እሱ የሚሠራው በአልኮል ብቻ ነው። ለቁስል ማጽጃ የሚሆነውን አልኮል በጥጥ የወረቀቱ ጀርባ ላይ ያደርጋል። ወረቀቱ ርሶ ምስሉ በጀርባ መታየት ሲጀምር በማንኪያ ያሻል። ሲደርቅ ይደግማል። አልኮሉ ቶነሩን ያላላዋል፣ ወረቀቱም አንዳንዴ ሙሉውን ይላጣል። «ማን ቁጭ ብሎ ወረቀት ሲያሽ ይውላል?» ይለኛል። ለትንሽ ምስል እውነቱን ነው፤ ፈጣን ነው። ሰፋ ላለ ምስል ግን በአልኮል የተሠራው ቦታ ቦታ ይሳሳል። የአንዳንድ ፕሪንተር ቶነር ደግሞ ለአልኮል ጨርሶ አይበገርም። አልኮል እሳት ወዳጅ መሆኑን አትርሱ። ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ኦቨን አጠገብ አይደርስም።

የእኔ መንገድ ውኃ ነው። ግማሽ ሰዓቱ ሲያልፍ ወረቀቱን በእርጥብ ጥጥ አርሰዋለሁ። ሲለሰልስ በጣቴ ጫፍ እየዞርኩ አሻለሁ። ጥፍር አይገባበትም። ወረቀቱ እንደ ላጲስ ፍርፋሪ እየተጠቀለለ ይወጣል። የላይኛው ሽፋን ቶሎ ይሄዳል። ትዕግስት የሚፈልገው የመጨረሻው ስስ ሽፋን ነው። እርጥብ ሳለ አይታይም፣ ምስሉ ጥርት ብሎ ያለቀ ይመስላል። ሲደርቅ ግን ነጭ ነገር ብቅ ይላል። የወረቀት ቃጫ ነው። እንደገና ማርጠብ፣ እንደገና ማሸት። እጅ የሚለየውም እዚህ ጋ ነው። ቶነሩ ክሌዩን በደንብ ከያዘ በቀላል ጣት አይነሳም፤ ከበረታችሁበት ግን ይነሳል። ጫና ሳይሆን ዙር ጨምሩ። ውኃው ክሌዩን አይጎዳውም፣ ቶነሩንም አያሟሟውም።

ወረቀቱን ከነምስሉ አብሮ ጋግሮ ከዚያ በኋላ በውኃ ማሸትም ይቻላል። ክሌዩ ጠንክሮ ስለሚጠብቃችሁ ለማሸት ይመቻል። እኔ ጠፍጣፋ ለሆነ ነገር እጠቀምበታለሁ፤ ጎበጥ ላለው ግን ወረቀቱ ጠርዙ ላይ ስለሚነሳ አይሆንም።

መጋገሩ ላይ ክሌዩ የመጣበት ማሸጊያ ላይ የተጻፈውን ሙቀት እመኑ። ክሌይ ሁሉ አንድ አይደለም። ከክሌይ ምርቶቹ ፊሞ የሚባለው 110 ዲግሪ ሴልሺየስ ይበቃዋል፣ ፕሬሞ 130 ይፈልጋል፣ ካቶ 150 ድረስ ይሄዳል። የኦቨኑን ቁልፍ ግን አትመኑ። የሚጻፈውና ውስጥ ያለው ሙቀት ብዙ ጊዜ ይለያያል። ኦቨን ውስጥ የሚቀመጥ ትንሽ ቴርሞሜትር ከማንኛውም መሣሪያ በፊት ግዙ። ከመጠን በላይ ከሞቀ ነጩ ክሌይ መጀመሪያ ቡኒ ይሆናል። ካረረ ፒቪሲው ሃይድሮጅን ክሎራይድ የሚባል የሚያቃጥል ጋዝ ይለቃል። ያን ጊዜ ኦቨኑን አጥፍቶ መስኮት መክፈትና ከክፍሉ መውጣት ነው። ክሌይ የነካ መዳመጫና ማንኪያም ወደ ምግብ አይመለስም።

ቤታችሁ ኢንክጄት ብቻ ካለ ተስፋ አትቁረጡ፣ መንገዱ ብቻ ይለወጣል። ቲሸርት ላይ በካውያ የሚለጠፈው ማሳለፊያ ወረቀት በኢንክጄት ይታተማል። ምስሉን ክሌዩ ላይ ደፍታችሁ አብራችሁ ትጋግሩና ትኩስ እንዳለ ወረቀቱን ትልጣላችሁ። ቀለሙ ደማቅ ይወጣል። ምስሉ ያለበት ቦታ ግን ስስ ላስቲክ የለበሰ ይመስላል፣ እኔ አልወደውም። ሌላም አለ፣ ውኃ ውስጥ ሲነከር ምስሉ ተንሸራቶ የሚለቅ ወረቀት። ለባለ ብዙ ቀለም ሥራ ጎበዝ ነው። የምትገዙት ለሌዘር ነው ወይስ ለኢንክጄት የሚለውን አይታችሁ ግዙ፣ አይለዋወጡም።

ሌላ ሰው የሳለውን ሥዕል ወስዶ ለመሸጥ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ይሄን ብዙ አላወራውም።

የቀረው ማሸግ ነው። ቶነሩ ከላይ ስላለ ካልተሸፈነ ልብስና ቁልፍ እየፈተጉት ይላጣል። የጥፍር ቀለም ግን እባካችሁ ይቅር። ውስጡ ያለው ማሟሟያ ክሌዩን እያለሰለሰው የሚያጣብቅ ነገር ይሆናል። አንዳንድ የሚረጭ ቫርኒሽም እንዲሁ ነው፤ መጀመሪያ የደረቀ ይመስልና በኋላ መጣበቅ ይጀምራል። ሁለት ምርጫ አለኝ። አንዱ ፈሳሽ ክሌይ በጣም ስስ አድርጎ ቀብቶ እንደገና መጋገር። ወፍራም ከሆነ ምስሉን ያደበዝዘዋል። ሌላው ውኃ ያለበት የፖሊዩሬቴን ቫርኒሽ ነው፤ ቶነር ውኃ ስለማይፈራ አይንቀሳቀስም። ኢንክጄት ላይ ግን መጀመሪያ የማይታይ ጥግ ላይ ሞክሩት። ቀለሙ ሊፈስ ይችላል።

እኔ ቫርኒሹን በለስላሳ ብሩሽ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እቀባለሁ። ወደ ኋላ መመለስ አረፋ ያመጣል። አቧራ እንዳይገባበት ጎድጓዳ ሳህን እደፋበታለሁ። በደንብ ሲደርቅ ሁለተኛ ስስ ቅብ፤ ሦስተኛ አያስፈልገውም።