አንድ ጂፒኤ ስንት ሥራ ይሠራል?

የሴሚስተሩ ውጤት ሲወጣ አብዛኛው ተማሪ መጀመሪያ የሚያየው ጂፒኤውን፣ ማለትም የኮርሶቹን አማካይ ውጤት ነው፤ የሚያየው እሱን ብቻ ነው ቢባልም ማጋነን አይሆንም። ይህ ከዜሮ እስከ አራት የሚደርስ ቁጥር ግን በአንድ ጊዜ ሦስት ሥራ ተጭኖበታል። ተማሪው ትምህርቱን ምን ያህል እንደያዘ ይናገራል፤ ከጓደኞቹ ጋር ሲነጻጸር የቱ ጋ እንዳለ ያሳያል፤ በመጨረሻም ወደሚቀጥለው ዓመት ይለፍ ወይስ ይሰናበት የሚለውን ይቆርጣል። ሦስቱ ሥራዎች ደግሞ ዘወትር አይስማሙም። ስለ ኮሌጅ ምዘና የሚነሳው ቅሬታ አብዛኛው የመምህር ክፋት ወይም የተማሪ ስንፍና የፈጠረው ሳይሆን ይህ መደራረብ የወለደው ይመስለኛል።

ከኮርሱ እንነሳ። የአንድ ኮርስ ውጤት በብዙ ኮሌጆች የሚሠራው ከማጠቃለያ ፈተና ብቻ ሳይሆን ከኩዊዝ፣ ከአሳይመንት፣ ከቤተ ሙከራ ሪፖርት፣ ከሚድና ከፋይናል ተደምሮ ነው። የተከታታይ ምዘና ዓላማ በጎ ነው፤ ተማሪው የተሳሳተበትን ቦታ ጊዜው ሳያልፍ እንዲያውቅ፣ መምህሩም የትኛውን ምዕራፍ መልሶ ማስረዳት እንዳለበት እንዲገነዘብ ታስቦ የመጣ ነው። ችግሩ የሚጀምረው እያንዳንዱ ኩዊዝ አምስት አምስት ማርክ ተሰጥቶት ወደ ድምሩ ሲገባ ነው። ያን ጊዜ ስህተትን ለማግኘት የተዘጋጀው ጥያቄ ስህተትን የሚያስቀጣ ይሆናል፤ ተማሪውም ያልገባውን ከመጠየቅ ይልቅ መደበቅን ይመርጣል። ተመራማሪዋ ሩት በትለር እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት ጥናት የትምህርት ቤት ልጆችን በሦስት ከፍለው ለአንዱ ቡድን በሥራው ላይ አስተያየት ብቻ፣ ለሌላው ውጤት ብቻ፣ ለሦስተኛው ሁለቱንም ሰጥተው ነበር። በቀጣዩ ሥራቸው ጎልተው የተሻሻሉት አስተያየት ብቻ ያገኙት ሲሆኑ፣ ሁለቱም የደረሷቸው ልጆች ግን ውጤት ብቻ ካገኙት እምብዛም አልተሻሉም። ቁጥሩ ካለ አስተያየቱ ሰሚ አያገኝም ማለት ነው። የታረመ ወረቀት ያከፋፈለ መምህር ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ በቀይ እስክሪብቶ ሲጻፍ ያመሸው ማብራሪያ ሳይነበብ ወረቀቱ ይታጠፍና ክርክሩ በግማሽ ማርክ ላይ ይሆናል።

ያ ግማሽ ማርክ ራሱ ምን ያህል የሚታመን ነው? ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ስታርችና ኤድዋርድ ኤሊየት እ.ኤ.አ. በ1912 አንድን የእንግሊዝኛ ፈተና ወረቀት አባዝተው ከመቶ በላይ ለሚሆኑ የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ሲልኩ፣ ለዚያው ለአንዱ ወረቀት ከ64 እስከ 98 የሚደርስ ውጤት ተመለሰላቸው። ‹‹ቋንቋ ስለሆነ ነው›› የሚል ተቃውሞ ሲነሳ በቀጣዩ ዓመት በጂኦሜትሪ ሞከሩት፤ ልዩነቱ ሰፋ እንጂ አልጠበበም። አንዱ መምህር መልሱን ብቻ ሲያይ ሌላው ስሌቱን እየተከተለ ያርማል፣ ሦስተኛው ደግሞ የሥዕሉ ንጽሕና ያስቆጣዋል።

ይህ ሁኔታ ኮሌጅ ውስጥ ሲደርስ የሚጠፋ አይደለም። አሥር ማርክ የተያዘለት የማብራሪያ ጥያቄ እናስብ፤ ተማሪው ድምዳሜውን በትክክል ደርሶበታል፣ ያቀረበው ምክንያት ግን ከድምዳሜው ጋር አይገናኝም። ለድምዳሜው ስንት ይሰጠው? የማርክ አሰጣጡ አስቀድሞ ካልተጻፈ በስተቀር መምህሩ በአምስተኛው ወረቀት ላይ ስድስት ሰጥቶ፣ ሃምሳኛው ላይ ደክሞት ያንኑ መልስ በሦስት ሊያልፈው ይችላል። ስለዚህ እርማትን የሚያውቁ ሰዎች ወረቀቱን ከዳር እስከ ዳር አያርሙም፤ የሁሉንም ተማሪዎች አንደኛ ጥያቄ ጨርሰው፣ ወረቀቶቹን አደበላልቀው፣ ስሙን ሸፍነው ወደ ሁለተኛው ይሻገራሉ። አሰልቺ ነው፤ የአንደኛው ጥያቄ ጥሩ መልስ የሁለተኛውን ደካማ መልስ እንዳይሸፍን የሚያደርግ፣ ወጪም የማይጠይቅ መላ ግን ይኸው ነው።

ከመቶ የተገኘው ውጤት ወደ ፊደል ሲለወጥ ደግሞ ሌላ መዛባት ይገባል። 90ና ከዚያ በላይ ኤ፣ ከ80 እስከ 89 ቢ በሆነበት ቀላል መለኪያ 80 ያመጣችውና 89 ያመጣችው ተማሪ በትራንስክሪፕታቸው ላይ አንድ ናቸው፤ 89 ባመጣችውና 90 ባመጣችው መካከል ግን፣ ኤ አራት ቢ ሦስት ነጥብ ስለሚቆጠር፣ አንድ ሙሉ ግሬድ ፖይንት አለ። ከላይ እንዳየነው የአንድ ማርክ ልዩነት እርማቱ ራሱ ሊያስቀምጠው ከሚችለው ስህተት በታች ነው። ፕላስና ማይነስ መጨመሩ ገደሉን ዝቅ ያደርገዋል፣ በምትኩ ግን የገደሎቹን ቁጥር ያበዛል።

የግሬድ አሰጣጡ ፊክስድ (አስቀድሞ በተወሰነ የማርክ ገደብ) ይሁን ወይስ ሪላቲቭ (በክፍሉ ተማሪዎች ንጽጽር) የሚለው ክርክርም ከዚሁ የሚነሳ ነው። በሪላቲቭ አሰጣጥ ግሬዱ የሚናገረው ተማሪው ምን እንደሚያውቅ ሳይሆን አብረውት ከተቀመጡት ስንተኛ እንደሆነ ነው፤ በጎበዞች ክፍል የገባ ሲ ይወስዳል፣ ያው ዕውቀት በሌላ ክፍል ቢ ያስገኛል። ፊክስዱ ይህን ችግር ቢያስቀርም ፈተናው ሲቀል ኤ ይረክሳል። የአሜሪካው ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2004 በቅድመ ምረቃ ኮርሶች የሚሰጠው ኤ ከ35 በመቶ እንዳይበልጥ መመሪያ አውጥቶ ነበር፤ ተማሪዎችን ለጭንቀትና ለፉክክር ዳረገ የሚል ወቀሳ በዝቶበት በ2014 ተወው። ለማወዳደር የተፈለገው ቁጥር መማሩን ሲረብሽ በግልጽ ከታየባቸው አጋጣሚዎች አንዱ ይህ ነው።

አሁን ወደ ማለፍና መውደቅ እንምጣ፤ ተማሪዎች በብዛት የሚጎዱት እዚህ ላይ ነው፣ የሚጎዳቸውም ብዙ ጊዜ የሒሳቡን ጠባይ አለማወቃቸው ነው። ጂፒኤ ተራ አማካይ አይደለም፤ እያንዳንዱ ግሬድ በኮርሱ ክሬዲት፣ ማለትም የኮርሱን ክብደት በሚያሳየው ቁጥር ይባዛል፣ ከዚያ ድምሩ ለጠቅላላው ክሬዲት ይካፈላል። በመጀመሪያው ሴሚስተር 15 ክሬዲት ወስዶ 1.60 ያመጣ ተማሪ 24 ነጥብ ይዟል ማለት ነው። አጠቃላዩን ለማለፍ ወደሚጠየቀው 2.00 ለማድረስ በሁለተኛው ሴሚስተር በ15 ክሬዲት 36 ነጥብ፣ ማለትም 2.40 ማምጣት ይጠበቅበታል። ከባድ ነው፤ የሚደረስበት ግን ነው። ይኸው ተማሪ ሦስት ሴሚስተር በ1.60 ከቆየ በኋላ ግን አራተኛው ላይ የሚያስፈልገው 3.20 ነው። ማስጠንቀቂያም ሆነ ፕሮቤሽን (በክትትል ሥር ሆኖ እንዲቀጥል መፍቀድ) ትርጉም የሚኖረው በመጀመሪያው ሴሚስተር ደርሶ ተማሪው አማካሪ ካገኘበት ብቻ ነው፤ ዘግይቶ የሚደርስ ማስጠንቀቂያ ከስንብት ደብዳቤ የሚለየው በቀኑ ብቻ ነው።

ሌላ መንገድ የያዙም አሉ። በአውሮፓ የክሬዲት ዝውውር ሥርዓት አንድ የሙሉ ጊዜ ዓመት 60 ክሬዲት ሲሆን አንዱ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ያመለክታል፤ ክሬዲቱ የሚነግረን የሥራውን መጠን እንጂ ምን ያህል በጥሩ ሁኔታ እንደተሠራ አይደለም፣ ግሬዱ ለብቻው ይቆማል። በብሪታንያ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የአንደኛ ዓመት ውጤት ለማለፍ ያስፈልጋል እንጂ በመጨረሻው የማዕረግ ስሌት ውስጥ አይገባም። የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ በአጭሩ ኤምአይቲ፣ ደግሞ በመጀመሪያው ሴሚስተር ላለፈ ተማሪ ‹‹አልፏል›› ብሎ ብቻ ይመዘግባል፤ የወደቀበት ኮርስ ከተቋሙ ውጭ ላሉ በሚሰጠው ትራንስክሪፕት ላይ አይታይም። እኔ የማደላው ለእነዚህ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ነው። ገና የፈተናውን ዓይነት፣ የንባቡን ብዛትና የራሱን ሰዓት አያያዝ በመማር ላይ ያለ ሰው ያመጣው ውጤት እስከ ምረቃው ቀን ከአማካዩ ውስጥ የማይወጣበት አሳማኝ ምክንያት አይታየኝም። ስንብትንም በሚመለከት የውሳኔው መነሻ ቁጥሩ ቢሆን ቅር አይለኝም፤ መጨረሻው ግን የውጤቱን አቅጣጫ ማየት በሚችሉ ሰዎች እጅ ሊሆን ይገባል። 1.20፣ 1.80፣ 2.30 እያለ የሚወጣ ተማሪና 2.30፣ 1.80፣ 1.20 እያለ የሚወርድ ተማሪ፣ ክሬዲታቸው እኩል ከሆነ፣ አጠቃላይ ጂፒኤያቸው አንድ ነው፤ ሬጅስትራሩ ሁለቱንም በአንድ መስመር ላይ ያያቸዋል።

በመጨረሻ ኮርስ ስለመድገም አንድ ነገር ልጨምር፤ ደንቡ ከኮሌጅ ኮሌጅ ስለሚለያይ ከምዝገባ በፊት ሊነበብ ይገባል። 60 ክሬዲት ጨርሶ 116 ነጥብ የያዘ፣ ማለትም 1.93 ላይ ያለ ተማሪ ኤፍ ያገኘበትን ባለ አራት ክሬዲት ኮርስ ደግሞ ሲ አመጣ እንበል። ኤፍ ዜሮ፣ ሲ ሁለት ነጥብ ስለሆነ በአራት ክሬዲት ስምንት ነጥብ ይጨመርለታል። አዲሱ ግሬድ አሮጌውን በሚተካበት ኮሌጅ 124 ለ60 ተካፍሎ 2.07 ይሆንና ተማሪው ያልፋል። ሁለቱም ግሬዶች በሚቆጠሩበት ኮሌጅ ግን 124 የሚካፈለው ለ64 ነው፤ ይህም 1.94 ነው፣ ሲ ያመጣው ይኸው ተማሪ አሁንም ከ2.00 በታች ይቀራል።