ሊጡ ገና ነው

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ!

ይህን የምጽፍላችሁ ከደብረ ብርሃን ነው፤ በዋዜማው ሌሊት፣ በሻማ። መብራት ከሄደ ቆይቷል። የስልኬ ባትሪ 31 በመቶ ይላል። ስሟ ብርሃን የሆነ ከተማ መብራት ሲጠፋባት የሚቀለደው ቀልድ እዚህ ስላረጀ አልደግመውም። ከጎኔ አንድ ትልቅ ቡሃቃ አለ። በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ በላዩ ጋቢ ተደርቦለታል። የአከራዬ የእማማ የድፎ ዳቦ ሊጥ ነው። እኔ ክፍል ያደረበት ምክንያት ግድግዳዬ ከማድ ቤቱ ጋር ስለሚያያዝ ነው። ከግቢው ሁሉ ሞቅ የምትለው የእኔ ክፍል ናት። እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ፣ «ስድስት ሰዓት ላይ እየው፤ ኩፍ ካላለ ወደ ግድግዳው ጠጋ አድርገው» ብለውኛል። የሊጥ ዘብ ሆኜ አመሸሁላችሁ።

አዲስ ለመጣችሁ፦ እኔ የድሬ ልጅ ነኝ። ከዚራ፣ ከዛፎቹ ሥር ያደግሁ። ደብረ ብርሃን የመጣሁት በሥራ ሲሆን «ለአንድ ዓመት ብቻ» ብዬ ነበር። ይኸው ዘጠነኛ ገናዬ ነው። ዛሬም ሱቅ ስገባ «አገርህ የት ነው?» እባላለሁ።

ድሬ ላይ ሰው የሚሄደው በጥላ በኩል ነው። ቀጠሮ ስትይዝ እንኳ «ከዛፉ ሥር» ትላለህ። ደብረ ብርሃን የገባሁት ደግሞ ኅዳር ላይ ነው። ጠዋት ስወጣ የመንገዱ አንድ ወገን ባዶ ነው፤ በሌላው ወገን ሰው ከግድግዳ ጋር ተለጥፎ ቆሟል። ወረፋ መሰለኝ። የስኳር ይሆናል ብዬ ከኋላ ተሰለፍኩ። እውነቴን ነው። አሥር ደቂቃ ያህል ቆምኩ፤ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከፊቴ ያለውን ሰውዬ «ምንድነው የሚሰጠው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ፀሐይ» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ የዚያ ግድግዳ ቋሚ ተሰላፊ ነኝ። ፀሐይ መሞቅ የራሱ ሕግ አለው። ነፋስ የማያገኘው ጥግ የሽማግሌዎች ነው። ዘግይቶ የመጣ ጫፍ ላይ ይቆማል፤ ቀስ በቀስ ይጠጋጉለታል። ጥላው መግፋት ሲጀምር ማንም ምንም ሳይል ሰልፉ በሙሉ አንድ እርምጃ ፈቀቅ ይላል። የጤፍ ዋጋ፣ የሞተ ሰው፣ የማን ልጅ ዩኒቨርሲቲ እንደደረሰው፣ ሁሉም የሚወራው እዚያ ነው። ድሬ ላይ ይህ ወሬ የሚሆነው ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ነበር። እዚህ ያለ ጫት፣ በግድግዳ ይካሄዳል። አራት ሰዓት ሲሆን ሰው ይበተናል፤ ግድግዳው ብቻውን ይቀራል።

አስቸጋሪው ብርዱ አልነበረም፤ ምላሴ ነበር። የድሬ ልጅ «አንቱ» አያውቅም። ሽማግሌውም አንተ ነው፣ አለቃውም አንተ ነው፤ ንቀት አይደለም፣ ቅርበት ነው። በመጡልኝ የመጀመሪያ እንግዳ ላይ፣ በእማማ ታላቅ ወንድም፣ «አቦ፣ እንዴት ነህ አንተ?» ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ሰውዬው ዞር ብለው ኋላቸውን አዩ። ማንም የለም። ወደ እኔ ተመልሰው በጣም በትሕትና «ከእኔ ጋር ነህ፣ ልጄ?» አሉኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አሁንማ ተገልብጧል። ባለፈው ድሬ ሄጄ አጎቴን «እርስዎ እንዴት ሰነበቱ?» ስለው ደንግጦ «ምን አጥፍቼ ነው?» አለኝ።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ድሬ ከ1,200 ብዙም አታልፍም። ልዩነቱን ቁጥሩ አይነግርህም፤ ድስቱ ይነግርሃል። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ፣ የባቄላ ንፍሮ ጥደህ ሥራ ሄደህ ብትመለስ እንኳ አልበሰለም ይልሃል። የሊጡ ነገር ደግሞ የባሰ ነው። እናቴ ድሬ ላይ ጠዋት ያቦካችውን ማታ ትጋግር ነበር፤ ትንሽ ከረሳችው ከዕቃው ወጥቶ መሬት ላይ ታገኘዋለች። የመጀመሪያው ገና ላይ የእናቴን ዳቦ ልጋግር ብዬ ተነሣሁ። ዱቄት ገዛሁ፣ በቧንቧ ውሃ አቦካሁ፣ እናቴ እንደምታደርገው መስኮት ሥር አስቀመጥኩ። ጠዋት እንዳስቀመጥኩት አገኘሁት። ጠጥሯል። እማማ መጥተው በጣታቸው ወጋ አደረጉትና ከንፈራቸውን መጠጡ።

«ውይ! በርዶታል እኮ።»

ስለ ሕፃን ልጅ የሚያወሩ ነበር የሚመስለው።

የብርድ ልብሱም ታሪክ ከዚሁ ይጀምራል። ከዚያ ገና ጥቂት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ አንድ ማለዳ በር ተንኳኩቶ በሽርጥ ብቅ አልኩ። ለድሬ ወንድ ሽርጥ ቤት ውስጥ ሙሉ ልብስ ነው። ደጅ ላይ ሣሩ ነጭ አመዳይ ለብሷል። እማማ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና፣ «ልጄ፣ ሱሪ የለህም?» ብለው ሳይጨርሱ ተመለሱ። ወፍራም ብርድ ልብስ ይዘው መጡ። ይህች ከተማ በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ የታወቀችው ለምን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። መንዞች ከበጎቻቸው ጸጉር የሚሠሩትን ባና ደግሞ በኋላ አየሁት፤ ሲለብሱት ሰው የተኛብህ ያህል ይከብዳል፣ ግን ውርጩ አያልፈውም።

ብርድ ልብሱ ስጦታ መስሎኝ ነበር። የገና ዋዜማ እማማ ገብተው ከአልጋዬ ላይ ገፈፉት። «ለአንድ ሌሊት ነው። አንተ ካፖርትህን ልበስ።» ቡሃቃውን ጠቀለሉበት። ያን ሌሊት ሊጡ ሞቆት አደረ፤ እኔ በካፖርትና በሁለት ካልሲ። ከዚያ ወዲህ ልማድ ሆኗል። አሁንም ካፖርት ለብሼ ነው የምጽፈው።

አንዳንዴ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብን አስባቸዋለሁ። በ15ኛው መቶ ዘመን እዚህ ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ ተብሎ ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት፣ ቤተ መንግሥትም የተከሉት እሳቸው ናቸው። ብርሃኑ እንደ ፈረንጆቹ በ1456 የታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ የታሪክ ሰዎች አሉ። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ነገሥታቱ ከድንኳን ወደ ድንኳን በሚዞሩበት ዘመን፣ ንጉሡ ከመጨረሻዎቹ 14 ዓመታት 12ቱን እዚህ ብርድ ውስጥ ተቀምጠዋል። እኔ ከእሳቸው አራት ዓመት ገደማ ይቀረኛል። ከባቡር ጋር የተወለደች፣ ሁሉም መጥቶ የሚያልፍባት ከተማ ልጅ ለሆነ ሰው ይህ ቀላል አይደለም።

ሲብስብኝ መድኃኒቴ ሸዋ ሮቢት ነው። ጠዋት በካፖርት ትነሣለህ። ጣርማ በር ስትደርስ ጉም መስኮቱን ይሸፍነዋል፤ ጣሊያን የፈለፈለውን ዋሻ አልፈህ ብቅ ስትል አገሩ ከእግርህ ሥር ገደል ይሆናል። ከዚያ ቁልቁል ነው። ደብረ ሲና ላይ ካፖርቱ ይወልቃል፣ ቆሎ ይገዛል። ከዚያ በታች ሹራቡ። ሸዋ ሮቢት ስትወርድ በሸሚዝ ነህ፤ ከፍታዋ ከድሬ ጋር ይቀራረባል። ከሚኒባሱ ወርጄ የመጀመሪያ ሥራዬ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ጥላ መፈለግ። ማንጎ ገዝቼ ዛፍ ሥር እቀመጥና ለአንድ ሰዓት አገሬ ነኝ። መንገዱ እንደ ልብ በማይሆንበት ጊዜ ይህችም ትቀራለች። ይህን ስል ግን አፍራለሁ፤ እዚሁ ደብረ ብርሃን ከቀያቸው ተፈናቅለው በመጠለያ ሸራ ሥር በዓል የሚውሉ አሉ። ውርጩ ሸራ አያግደውም።

ነገ ከሰዓት ልጆቹ ሜዳ ላይ ገና ይጫወታሉ። አምና እኔም ገብቼ ነበር። የአሥር ዓመት ልጅ ሩሯን ስቶ በዱላው ቅልጥሜን አገኘው። እያነከስኩ ልቆጣ ስል፣ ዳር የቆሙት ሁሉ በአንድ ድምፅ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ!» አሉኝ። ዘንድሮ ዳር ቆሜ እኔም እላለሁ።

ስድስት ሰዓት ሆነ። ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጌ በባትሪ አየሁት፣ በጣቴም ወጋ አደረግሁት። ገና ነው። ወደ ግድግዳው ጠጋ አድርጌዋለሁ። ስልኬ 9 በመቶ ላይ ስለሆነ ላቁም።

የድሬ ልጆች፣ እንኳን አደረሳችሁ አቦ! ሰሜን ሸዋ ያላችሁ ታላላቆቼ፣ እንኳን አደረስዎ። ነገ ጠዋት ግድግዳው ጋ ነኝ፤ ዳቦ ይዤ እመጣለሁ፣ ሊጡ ከተነሣ።