ስሟን ሦስት ጊዜ ጠየቋት

እማ ባለፈው ክረምት ለሐሞት ጠጠር ደሴ ኦፕራሲዮን ስትሆን ከሁሉም በላይ ያናደዳት ምን መሰላችሁ፣ ስሟን ደጋግመው መጠየቃቸው። አልጋዋ ላይ ጠየቋት፣ ኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ላይ ጠየቋት፣ ጠረጴዛው ላይ ከተኛች በኋላ ደግሞ «እናታችን ስምዎት ማነው? ምንዎትን ነው የምንሠራው?» አሏት። እሷም «ካርዱ እጃችሁ ላይ አይደለም እንዴ፣ ማን እንደሆንኩ ሳታውቁ ነው ልትቀድዱኝ?» ብላ ተቆጣች። እኔና እህቴ ውጪ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብለን ዱዓ እያደረግን ስለነበር ይሄን የሰማነው በኋላ ነው፣ እሷ ግን ኮምቦልቻ ቤት ጠያቂ በመጣ ቁጥር እስከዛሬ ታወራዋለች።

እውነቱን ለመናገር እኔም ዝርክርክነት መስሎኝ ነበር። ጎረቤታችን የአንስቴዥያ (የማደንዘዣ) ባለሙያ የሆነ ልጅ አለ፣ ቡና ላይ ሳጫውተው «እንደዛ ከጠየቋትማ ሥራቸውን የሚያውቁ ናቸው» አለኝ። ለካ ወረቀት አለው ነገሩ። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2008 ያወጣው አንድ ገጽ ቼክሊስት ነው፣ 19 ነጥብ አለው፣ ማደንዘዣ ከመሰጠቱ በፊት፣ ከመቀደዱ በፊት፣ ደግሞ በሽተኛው ከክፍሉ ሳይወጣ ጮክ ተብሎ ይነበባል። ትክክለኛው ሰው ነው ወይ፣ ትክክለኛው ቦታ ነው ወይ፣ አለርጂ አለበት ወይ፣ አንቲባዮቲኩ ከመቀደዱ በፊት ባሉት 60 ደቂቃዎች ውስጥ ተሰጥቷል ወይ፣ ጎዙና መርፌው ተቆጥሮ ሞልቷል ወይ ምናምን። በ8 ከተሞች ባሉ 8 ሆስፒታሎች ሞከሩት፣ ለንደንና ሲያትል አሉበት፣ ታንዛኒያ ኢፋካራ የምትባል ትንሽ ከተማም አለችበት፣ ከ1 ሺህ በሽተኛ 15 ይሞት የነበረው ወደ 8 ወረደ። በወረቀት! እኔ ይሄን ስሰማ እማ እነዛን ልጆች ስለተቆጣቻቸው አፈርኩ።

ሌላው ያቺ ጣት ላይ የምትሰካ ነገር ናት፣ በኮሮና ጊዜ ሁላችንም አይተናታል፣ ፐልስ ኦክሲሜትር። በጥፍሩ በኩል ቀይ ብርሃንና ዓይን የማያየው ሌላ ብርሃን ታሳልፍና ደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ትለካለች፣ የልብ ምቱንም ቲት ቲት እያለች ትነግራለች፣ ኦክስጅኑ ሲወርድ ድምፁም አብሮ ይወርዳል። ማደንዘዣ የወሰደ ሰው ታፈንኩ ብሎ አይናገርማ፣ እሷ ናት የምትናገርለት። እማ ገና አልጋዋ ላይ እያለች ሲለኳት ጥፍሯ ላይ የዒድ ሂና ስለነበር አንደኛው ጣት ላይ አልነበብ ብሎ ሌላ ጣት ሞከሩ (ጥፍር ቀለምም እንደዛው ያስቸግራል አሉኝ፣ ሴቶች ልብ በሉ)። ከዛ ኦክስጅኗ 93 በመቶ ሲል እኔ ደነገጥኩ፣ ነርሷ ግን «አብሽሪ፣ ደሴ እኮ ነው» አለችኝ። ለካ ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥተን ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስንደርስ አየሩ ስለሚሳሳ የሰው ቁጥሩ ትንሽ ይወርዳል።

ላይፍቦክስ የሚባለውን ድርጅት ያወቅኩትም በዚሁ ልጅ በኩል ነው። የቼክሊስቱን ሥራ የመራው ዶክተር አቱል ጋዋንዴ ከአንስቴዥያ ባለሙያዎች ማኅበራት ጋር ሆኖ በፈረንጆቹ 2011 ያቋቋመው በጎ አድራጎት ነው፣ ምክንያቱም በዛ ሰሞን የወጣ ጥናት በዓለም ላይ ከ70 ሺህ በላይ ኦፕራሲዮን ክፍሎች ይቺ መሣሪያ እንደሌላቸው ገምቶ ነበር። በቀላሉ የማይሰበር፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚሠራ አሠርተው ከሥልጠና ጋር ይሰጣሉ። ሥልጠናው ነው እኔን ደስ ያለኝ፣ ዕቃ አምጥቶ ጥሎ መሄድማ ስንቱን ማሽን ጥግ ላይ አቧራ ሲጠጣ አይተናል።

አዲስ አበባም ቢሮ አላቸው፣ «ክሊን ከት» የሚባለውን ፕሮግራም የጀመሩትም እዚሁ ኢትዮጵያ ነው፣ ጅማ። እሱ የቁስል ኢንፌክሽንን ነው የሚከላከለው። እጅ በደንብ መታጠብ፣ ዕቃው እውነት መቀቀሉን በምልክት ማየት፣ ጨርቁ ያልተቀደደ መሆኑን፣ ጎዙን መቁጠር... አዲስ ነገር የለውም፣ ግን ሁሌ፣ ለሁሉም ሰው፣ ሳይዘለል ሲሆን በ5 የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ኢንፌክሽኑ በሲሶ ያህል ቀነሰ።

ይሄ ለኔ ቁጥር ብቻ አይደለም። አክስቴ ከብዙ ዓመት በፊት በኦፕራሲዮን ወልዳ ቁስሉ አመርቅዞ ሁለት ወር ተኝታለች፣ የት እንደሆነ አልናገርም፣ ልጁን ያጠባችው ጎረቤት ናት፣ ለመድኃኒቱ ሁለት በግና ጥጃዋ ተሸጠ። እስከዛሬ «የእግዜር ቁጣ ነው» ትላለች። ቁጣ አልነበረም አክስቴ፣ ያልተቀቀለ መቀስ ወይ በሰዓቱ ያልተሰጠ መርፌ ሊሆን ይችላል፣ ያን ማወቋ ብቻ እንኳን ስንት ዓመት የተሸከመችውን ባቀለለላት ነበር።

በ2014ቱ ጦርነት ደሴ ትልቁ ሆስፒታላችን ተዘርፎ ባዶውን እንደቀረ የከተማው ሰው ያውቃል። ከዛ ተነስተው ነው ዛሬ እማን ስሟን ሦስት ጊዜ የሚጠይቋት ባለሙያዎች የሚሠሩት፣ ሁሌ ሳስበው ዓይኔ እንባ ያቀራል።

እማ ለክትትል ስትመለስ ስሟን ከጠየቋት አንዱን ልጅ አገኘችው፣ ገና ከበሩ «ስሜን ልንገርህ?» አለችውና ኮምቦልቻ የጋገረችውን ድፎ ዳቦ ሰጠችው።