ፋይሉን ማን ሰረዘው?

ይህን ነገር ሳስታውስ አሁንም ያናድደኛል። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ያለ ቢሮ ውስጥ ነው የሆነው። አፓረንት የወጣች አንዲት ልጅ ነበረች። ኮድ የምትጽፈው ቪም በሚባል የጽሑፍ ማዘጋጃ ነው፤ ከሶርሱ (ከምንጭ ኮዱ) ኮምፓይል የተደረገ፣ ማለትም ማሽኑ ወደሚያሠራው ፋይል የተቀየረ ቪም። ኮድ የሚያሟላላት ፕለጊን (ቪም ላይ የሚገጠም ተጨማሪ ፕሮግራም) አለ፤ ግማሹ በፓይተን፣ ግማሹ በሲ ቋንቋ የተጻፈ። አንድ ጠዋት ስትከፍተው ቀይ መልእክት ወጣ። እንዲህ የሚባል ሞጁል (የፕሮግራም ክፍል) የለም ይላል።

ሲኒየሩ መጣና ስክሪኑን አየ።

«ምን ነክተሽ ነው?»

«ምንም አልነካሁም፣ ጋሼ።»

«የለም ይላል እኮ! ካልሰረዝሽው በራሱ ይጠፋል?»

«ጋሼ፣ ፋይሉ አለ፤ ይኸው።»

ፎልደሩን ከፍታ አሳየችው። ፋይሉ ቁጭ ብሏል። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ እንኳ አላየውም። «ሁሉንም አጥፊና እንደ አዲስ ጫኚ» ብሏት ሄደ። ያውም በሞባይል ዳታ!

ልጅቷ ዝም አለች። እኔን ያንገበገበኝ ያ ዝምታ ነው። እውነቱን ይዞ አንገት መድፋት ያማል።

አጠገቧ ተቀመጥኩና የፋይሉን ስም እስከ መጨረሻው አነበብነው። መሃሉ ላይ 311 የሚል ቁጥር አለ። በሲ የተጻፈ የፓይተን ሞጁል ኮምፓይል ሲደረግ፣ የተሠራበት የፓይተን ቨርዥን አብዛኛውን ጊዜ ስሙ ውስጥ ይገባል። 311 ማለት 3.11 ነው። ተርሚናሉን (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) የትኛውን ፓይተን እንደሚጠቀም ጠየቅነው፤ 3.11 አለ። ከዚያ ቪምን ራሱን ከውስጥ ጠየቅነው። 3.8 አለ።

በቃ፣ ተገኘ። የማሽኑ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ኡቡንቱ 20.04 ነው፤ ይዞት የሚመጣው ፓይተን 3.8 ነው። ቪሙም የተሠራው በእሱ ነው። 3.11 በኋላ የገባ ነው። ያስገባውም ሲኒየሩ ራሱ ነው፤ ለራሱ ስክሪፕት ፈልጎት። ፕለጊኑ ሲታደስ ታዲያ በአዲሱ ፓይተን ኮምፓይል ተደረገ። 3.8 ደግሞ 311 የሚል ፋይል አፍንጫው ሥር ቢቀመጥም አይቀበለውም፤ የለም ይላል።

ሌሎቹ ሥራዎች 3.11 ስለሚፈልጉ ቪሙን በእሱ እንደገና መሥራት መረጥን። ኮንፊገር (ከመሥራቱ በፊት ያለው ማዘጋጃ) ሲደረግ የትኛውን ፓይተን እንዲይዝ በስሙ ነገርነው። አሁንም 3.8 አለ! ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ጋ ነው። ቪም ባለፈው ጊዜ ያገኘውን መልስ ሶርሱ ውስጥ ኮንፊግ ካሽ በሚባል ፋይል ያስቀምጣል፤ በሚቀጥለው ጊዜ እንደገና አይፈልግም፣ ከዚያው ያነባል። ልጅቷ ሜክ ዲስትክሊን የሚለውን ትእዛዝ ሰጥታ አጸዳችው። ከዚያ ኮንፊገር፣ ሜክ፣ ኢንስቶል። ሶርሱ እዚያው ስለነበረ አንድ ሜጋባይት አልወጣም። መብራትም፣ እግዜር ይስጠው፣ አልሄደብንም። ቪምን ከፍታ ጠየቀችው፤ 3.11። ቀዩ መልእክት የለም።

ከሰዓት ሲኒየሩ ተመለሰ።

«ጫንሽው?»

«አልጫንኩም፣ ጋሼ። የቪሙና የፕለጊኑ ፓይተን አልገጠመም ነበር። አስተካክዬዋለሁ።»

«እሺ፣ ጥሩ» ብሎ አለፈ።

ሰርዘሽው ነው ያላትን አላነሣም። ወጣ ሲል ተከተልኩት። «ልጅቷ እኮ ምንም አልሰረዘችም። 3.11ን ያስገባኸው አንተ ነህ። በራስህ አፍ ንገራት» አልኩት።

«እነግራታለሁ» አለኝ።

የአፓረንት ጊዜዋን ጨርሳ ሄደች። አልነገራትም።